ትኬቱ ርካሽ፣ ዘመዱ ብዙ

ወረታ ኤርፖርት የላትም፤ ስለዚህ ሁለት አላት።

ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄድ ባሕር ዳር ላይ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርትን ታገኛለህ። ወደ ሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብትል ደግሞ ጎንደር ከመግባትህ በፊት አዘዞ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ይጠብቅሃል። ለንደን ስድስት ኤርፖርት አላት እያለ የሚኮራብኝ አንድ ዘመድ አለኝ። "እኛም እናማርጣለን" ብዬ ነው የምመልስለት። ርካሽ ትኬት ፈላጊ መጀመሪያ የሚመከረው ምክርም ይኸው ነው፦ በአንድ ኤርፖርት አትወሰን፣ የጎረቤቱንም ጠይቅ። ይህን ለወረታ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው አስፋልት ላይ ቻይኖች የሠሩት የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ የሚገነጠለው እኛው ደጃፍ ነው። "የቱ ይቀድማል? የቱስ ይረክሳል?" የሚል መንገደኛ እየሰማን ነው ያደግነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በሕይወቴ የቆረጥኩት የመጀመሪያው የአውሮፕላን ትኬት ለምን በእጥፍ ዋጋ እንደሆነ ልናገር።

አውሮፕላን ለእኔ በሰማይ ሲያልፍ የሚሰማ እንጂ የሚሳፈሩበት ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ መሄድ ማለት ባሕር ዳር አድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ተሰልፎ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ አንድ ቀን ሙሉ ወገብን ለመንገድ መገበር ማለት ነበር። መንገዱ ሰላም ሲያጣ ግን በወረታ ሻይ ቤቶች ወሬው ተቀየረ። ትናንት ስለ ጋቢና ወንበር ሲጨቃጨቅ የነበረው ሁሉ ስለ ቦርዲንግ ፓስ ያወራ ጀመር። ዱሮ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሀብታም ይባል ነበር፤ አሁን ተሳፍሮ የተመለሰው ሰው ብድሩን እስኪከፍል ከሻይ ቤቱ ይጠፋል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ልጇን በጥር ልትድር መሆኑን በጥቅምት የነገረችኝ። ሦስት ወር ሙሉ አለኝ ማለት ነው። ለክረምት ዕረፍት መጥቶ በዚያው የቀረው የጎረቤቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ ዋጋውን አሳየኝ።

"ጋሼ፣ አሁኑኑ ይቁረጡ። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል።"

አጠገቤ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴው ወዳጄ ተቀምጦ ነበር። እንደ ሕፃን ነው የሳቀበት።

"ስማ አንተ ልጅ፣ ቲማቲም ጧት ስንት ነው? ማታስ?"

"ማታ ይረክሳል።"

"ለምን?"

"እንዳይበላሽ።"

"በል እንግዲህ! የአውሮፕላን ወንበር ደግሞ ከቲማቲም ይብሳል። የተረፈ ቲማቲም ስልስ ይሆናል። በሩ ተዘግቶ የተነሣ አውሮፕላን ላይ የቀረ ባዶ ወንበር ምን ይሆናል? ሲጨንቃቸው አይተህ ግባ።" ወደ እኔ ዞረ። "ወዳጄ፣ እስከ ማታ ጠብቅ።"

በእኛው በፎገራ ሜዳ ላይ ስለ ዋጋ ከሽንኩርት ነጋዴ በላይ የሚታመን ሰው የለም። ሁሉም ገበሬ አንድ ላይ ሲያወጣ ሽንኩርት ከአፈር ይረክሳል፤ ሁሉም ሲሰለችና ሲተወው ደግሞ ወርቅ ይሆናል። ያን ማዕበል ሃያ ዓመት የዋኘ ሰው "ጠብቅ" ካለኝ እኔ ማን ነኝና እቸኩላለሁ? ጠበቅሁ።

ልጁ በየሳምንቱ ስልኩን ይዞ ይመጣል። "ጋሼ፣ ጨመረ።" እኔም "ሊያስፈራሩን ነው፤ ደላላ ሁሉ እንዲህ ነው" እለዋለሁ። በኅዳር ጨመረ። በታኅሣሥ ጨመረ። ከሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቲማቲሙ ሊረክስበት በሚገባው በዚያ በማታው ሰዓት፣ ዋጋው ልጁ በጥቅምት ያሳየኝ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሁለተኛው ኤርፖርታችን ዞርኩ። ለካ ጥምቀትን ጎንደር ያከበረ እንግዳ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው በዚያው ሳምንት ኖሯል፤ አዘዞ ጭራሽ ወንበር የለም። እየማልኩ ከፈልኩ።

ነገሩ ያንገበገበው ግን ከእኔ ይልቅ ነጋዴውን ነው። የሃያ ዓመት ዕውቀቱ በአንድ ወንበር ተሸነፈበት። "የሚጠፋ ዕቃ እንዴት ሲመሽ ይወደዳል?" እያለ ሁለት ቀን ሽንኩርቱን መመዘን ተወ። በመጨረሻ ልጁ አስቀምጦ አስረዳው፤ እኔም ከጎን ሆኜ ተማርኩ።

ከባሕር ዳር የሚነሣው ባለ ውልብልቢቱ ኪው 400 ሰባ ምናምን ወንበር አለው። ወንበሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ውኃውም ያው ነው። ዋጋው ግን በፊደል የተከፋፈለ ነው። ርካሹ ፊደል ላይ ጥቂት ወንበር ይመደባል፤ እሱ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው ፊደል፣ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው እየተወጣ ይኬዳል። ስለዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ደመና የሚያዩ ሁለት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ይህን ዘዴ ካስፋፉት ሰዎች ዋናው የአሜሪካን ኤርላይንስ ሰው የነበረው ሮበርት ክራንዳል ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1977 "ሱፐር ሴቨር" የሚባል ቅናሽ ትኬት አወጣ፤ ቅናሹን የሚያገኘው ከወር በፊት የገዛና በሄደበት ቢያንስ ሳምንት የሚቆይ ሰው ብቻ ነበር። ለምን? ለሥራ የሚሮጠው ነጋዴ ከወር በፊት አያውቅማ! ለሽርሽር የሚሄደው ግን ያውቃል። አውቆ ለመጣው ርካሹ፣ ተጣድፎ ለመጣው ውዱ ተዘጋጀለት። የሚመዘነው የተሳፋሪው ጥድፊያ ነው።

በዚያው በ1977 ግን አንድ የእኛ ቢጤ ተነሥቶ ነበር። ፍሬዲ ሌከር የሚባል እንግሊዛዊ "ስካይትሬን" ብሎ ከለንደን ኒው ዮርክ በ59 ፓውንድ ማብረር ጀመረ። ቀጠሮ የለ፣ ፊደል የለ፤ በዕለቱ መጥተህ፣ ተሰልፈህ፣ ቆርጠህ ትሳፈራለህ። ሰዉ ሌሊቱን በሰልፍ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰረ።

"ሰውዬው የመናኸሪያ ሰው ነዋ!" አለ ነጋዴው ፊቱ በርቶ። "የወረታን ሚኒባስ ነው ያበረረው። ግን የእኛ ሚኒባስ እስከ ዛሬ አልከሰረም፤ እሱ ምን ነካው?"

"ትርፍ አይጭንም ነበር" አልኩት።

ነጋዴው ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ነገር ተናገረ። ስለ አውሮፕላን ዋጋ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የገባኝ ነገር የለም።

"አሁን ገባኝ። እኔ ማታ ቲማቲሜን የምሸጠው ለሚያማርጥ ሰው ነው፤ ቢያሻው ይሄዳል። እነሱ ማታ የሚሸጡት ለቀባሪ ነው።"

እውነቱን ነው። ዛሬ ተነሥቶ ነገ የግድ መብረር ያለበት ሰው ማን ነው? የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የሚከፍልለት ባለሥልጣን፣ አለዚያም "አባትህ አረፉ" ተብሎ የተደወለለት ልጅ። ባለሥልጣኑ ዋጋ አይጠይቅም፤ ልጁም በዚያ ሰዓት አይከራከርም። ሞት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ከወር በፊት አስቀድሞ የሞተና ለዘመዶቹ ቅናሽ ያስገኘ ሰው በፎገራ አልተሰማም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የርካሽ ትኬት ምክር በሰማሁ ቁጥር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መካሪው ዘመድ አለውን? "ቀንህን አታጥብቅ፤ በሚረክስበት ቀን ሂድ" ይላሉ። ተዝካሩ በአርባኛው ቀን ነው፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ሠርጉን የቆረጡት ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ የቱን ላላላ? "ሁሉ የሚሄድበትን ወቅት ሽሽ" ይላሉ። ሁሉ የሚሄደው እኮ እኔ የምፈልገው ሰው እዚያ ስላለ ነው። ባዶ ከተማ በርካሽ ገብቼ ማንን ልጠይቅ? "ሻንጣ አታብዛ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን አክስቴን ልጥራት።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ሻንጣዬን በነጋዴው መጋዘን፣ በሽንኩርት ሚዛን ላይ ነበር የመዘንነው። የእኔ ልብስ አምስት ኪሎ አይሞላም። አክስቴ ግን ከኋላዬ ሰልፍ አስይዛ መጥታለች፦ የፎገራ ሩዝ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ሽሮ በፌስታል ላይ ፌስታል፣ የፎገራ ላም ቅቤ በጣሳ፣ ጣሳው ደግሞ በነጠላ ተጠቅልሎ። የሚዛኑ ቀስት ተወርውሮ ሲሄድ ልጁ ደነገጠ።

"እማማ፣ ይሄ ያልፋል። ትርፉን በኪሎ ያስከፍላሉ።"

"ይቀነሳ!"

"ከሩዙ ልቀንስ?"

"ከሩዙማ አይነካም! የሙሽራዋ ነው። ከእሱ ልብስ ቀንስ።"

"አክስቴ፣ አዲስ አበባ ሩዝ ጠፍቶ ነው?" አልኳት።

ዘወር ብላ ሩዝ የማያውቅ የሌላ አገር ሰው አስመስላ አየችኝ። ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች በደርግ ዘመን ያስለመዱት ሩዝ ዛሬ የፎገራ ሰው የሚኮራበት፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ የሚጋግረው፣ ነጭ ወርቅ ብሎ የሚጠራው እህል ሆኗል። "የሱቅ ሩዝና የእኛን ሩዝ አንድ አደረግኸው?" አለችና ወደ ልጁ ዞረች። "ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። እሱን ራሱን ይመዝኑታል?"

"ሰው አይመዘንም እማማ።"

"ሰማንያ ኪሎ ሥጋ በነጻ ጭነው ለአሥር ኪሎ ሩዝ ያስከፍላሉ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው!"

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝም። ትርፉን ከፈልኩ።

ሽኝቱም ራሱን የቻለ ወጪ ነበር። "ብቻህን እንደ ሌባ ልትወጣ?" ተብሎ ሚኒባስ በኮንትራት ተያዘ፤ አሥራ አንድ ሰው አጅቦኝ ባሕር ዳር ወረደ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የመጡት አውሮፕላን ሊያዩ ነው። ፍተሻው ላይ "ተሳፋሪ ብቻ" ሲባሉ ሰባቱም በእኔ ተቀየሙ። ምሳቸውንም ያበላሁት እኔ ነኝ።

በዚህ ሁሉ መሃል ከቨርጂኒያ የምትመጣው ታናሽ እህቴ "እኔ እንኳ በርካሽ አገኘሁ" ብላ አብሥራን ነበር። ከወረታ ሆነን ትኬቷን እንደ ሎተሪ ስንከታተል ነው የከረምነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከመቶ ካለፈ ወዲህ፣ በዶላር የተተመነ ትኬት በብር ሲነገረን ጆሯችንን እንይዛለን። እሷ የምታገኘው ዶላር ስለሆነ ብዙም አልገባትም። አንድ የማናውቀው አየር መንገድ፣ ሁለት አገር አርፎ የሚመጣ፣ አገኘች። የእኛ አየር መንገድስ ብንላት "እሱም ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ ይቆማል" አለች። ይህስ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። አክስቴ ይህን ስትሰማ "አየሩ ምን አደረገ፤ የከበደው የእኛ በርበሬ ነው እንጂ" ብላለች።

ታናሽ እህቴ ያላሰላችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ የሀገር ውስጥ በረራውን በቅናሽ ያገኛል። እሷ በሌላ ገብታ የባሕር ዳሩን ለብቻው ስትገዛ ያተረፈችው ግማሹ እዚያው ቀለጠ። ሁለተኛው ግን ከሒሳብም በላይ ነው። ትኬቱ "ረቡዕ 00፡40 ቦሌ" ይላል። ስድስት ሰዓት የመቀነሱን ነገር እናውቃለን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰን "ረቡዕ ከሌሊቱ 6፡40" አልን። የአጎቴ ልጅ ረቡዕ ማታ እራቱን በልቶ፣ አበባውን ይዞ ቦሌ ሄደ። ለፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑን ማንም አላሰበም። ያ ሰዓት በእኛ አፍ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው! እህቴ ከደረሰች አንድ ሙሉ ቀን አልፏል። ሲያጣት ደወለልኝ፤ እኔ እሷ ዘንድ ስደውል ሆቴል ተኝታለች። የሆቴሉ ሒሳብ የትርፉን ሌላኛውን ግማሽ በላው። "አጥቢያ" የምትለዋን ቃል ትኬት ላይ የሚጽፍ አየር መንገድ ቢመጣ እኔ ሁልጊዜ በእጥፍ ዋጋ እሳፈርለታለሁ።

እኔ በበኩሌ ተሳፈርኩ። ወደ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ በረራ ሦስት ወር ተጨንቄ፣ ውልብልቢቱ አጠገብ ተቀምጬ ጣናን ከላይ አየሁ። ጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ብዙ የበረሩ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ነበሩ፤ ሰዉ በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ መሃሉን ጭነት ይይዘው ነበር አሉኝ። "ታዲያ ይሄ የወረታ ሚኒባስ ነዋ" አልኳቸው። የከፈሉትን ጠየቅኋቸው። በኅዳር ነው የቆረጡት። ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ እስክናርፍ በመስኮት ነው ያየሁት።

ሠርጉ አማረ፤ ሩዙም ተወደደ። ተመልሼ ስመጣ ጥር እያለቀ ነበር። ነጋዴው ወደ ሽንብራ ማሳው ይዞኝ ሄደ። በሸሸርና በዋላላ ውኃ ዳር፣ እንዲሁም ሩዝ በታጨደበት ሜዳ ላይ፣ እነዚያ አንገታቸውም እግራቸውም ረጅም የሆኑ ግራጫ ወፎች በሺህ ሆነው ተሰማርተዋል። በየዓመቱ በበጋ ይመጣሉ። ከኢስቶኒያና ከፊንላንድ፣ ከሩሲያም ጭምር ነው የሚነሡት፤ ሳይንቲስቶች መከታተያ አስረውባቸው ነው የታወቀው። የአገራቸው በረዶ ሳይጠነክር ይነሣሉ፣ መጋቢት አካባቢ ይመለሳሉ።

"እነዚህ ናቸው በርካሽ የሚበሩት" አልኩት። "ቀናቸውን ያውቃሉ። ሻንጣ የላቸውም። ዘመድ አይጎትታቸውም።"

"ዘመድስ አላቸው" አለ ነጋዴው። "አየህ፣ ያ ቡናማ አናቱ ጫጩት ነው፤ በእናትና በአባቱ መሃል ነው የሚሄደው። ቤተሰቡን ይዞ ነው ሁሉም የሚመጣው።" ትንሽ ዝም አለና ማሳውን ተመለከተ። "ሻንጣ የላቸውም የምትለው ግን ውሸት ነው። ሲመለሱ የእኔን ሽንብራ በሆዳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። በሆድ የተያዘን ማን ይመዝናል?"

በዓመቱ ሙሽራዋ ወለደች። ስልክ ሲደወል ነጋዴው አጠገቤ ነበር፤ እንኳን ደስ አለህ ከማለቱ በፊት "ወንድ ነው ሴት?" አለ።

"ምን ለየው?"

"ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40 ቀን ነው። ሴት ከሆነች በ80። 40 ቀን ቅናሽ አላት!"

ሴት ናት። የዚያኑ ዕለት፣ ልጅቱ ስም ሳይወጣላት፣ ትኬቴን ቆረጥኩ። ዘመድ ኖሮኝ በርካሽ የቆረጥኩት የመጀመሪያው ትኬት ነው፤ ውለታዋን እስክትዳር አልረሳውም።

የመሄጃዬ ቀን ጧት አክስቴ ቤት ስገባ ከረጢት የለም፣ ጣሳ የለም፣ ፌስታልም የለም። ተመክራለች ብዬ ደስ አለኝ። መሶቡ ቀረበ፤ እንጀራው ከሩዝ የተቀላቀለ ነው፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። በልቼ እጄን ልታጠብ ስነሣ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። ሌላ እንጀራ ዘረጋች።

"ብላ" አለች። "ይሄን ማንም አይመዝነውም።"